ጣት ያዛል፣ ቴሌቪዥን ይዘገያል

አንባቢ ሆይ፤ ከባሕር ማዶ ካለ ዘመድዎ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ድምፁ እየዘገየ ያስቸገረዎ ጊዜ ይኖራል። እርስዎ «እንደምን ከረማችሁ» ብለው ዝም ሲሉ ምንም አይሰማም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎዎት «ሃሎ!» ሲሉ የዘመድዎ «ደኅና ነን» በእርስዎ «ሃሎ» ላይ ይወድቃል። ከዚያ ሁለታችሁም ባንድ ጊዜ ትናገራላችሁ፤ ሁለታችሁም ባንድ ጊዜ ዝም ትላላችሁ፤ ወጉም ጣዕሙን ያጣል። ከተነገረው ቃል አንድም የጠፋ የለም፤ ሁሉም ደርሷል። የተበላሸው ጊዜው ብቻ ነው። ዛሬ ላጫውትዎ ያሰብሁትም የዚሁ ዓይነት መዘግየት ነው፤ ይኸውም ጆይስቲክ ይዘው በትልቅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ሲጫወቱ የሚያጋጥመው።

«ይህማ የልጆች ነገር ነው» ብለው ገጹን እንዳይገልጡት እለምናለሁ። ትልቅ ቴሌቪዥን ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ላለ ተማሪ ደግሞ ከሁለት ከሦስት ጓደኛ ጋር ካልተዋጡ የማይደረስበት ዕቃ ነው። በሱቅ ውስጥ ሁሉም ቴሌቪዥን ያምራል፤ ባሕሩ ሰማያዊ፣ አበባው ቀይ፣ የብርቱካኑ ልጣጭ እንኳ የሚዳሰስ ይመስላል። ይህ የምነግርዎ ጉድለት ግን በሱቅ ውስጥ አይታይም። ለምን ቢሉ በዚያ የሚታየው ፊልም ነው፤ ፊልም ደግሞ ለማንም አይታዘዝም። ካንድ ሰከንድ አሥረኛ እጅ ያህል ዘግይቶ ቢመጣስ ማን ያውቅበታል? ጉድለቱ የሚታወቀው እርስዎ አዘው ቴሌቪዥኑ ሲታዘዝ ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ብሩ ከኪስ ወጥቷል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በጆይስቲኩ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑ መልእክቱ ወደ ማጫወቻው ይሄዳል። ማጫወቻው ትእዛዙን ተቀብሎ አዲስ ሥዕል ይሠራና በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ይልከዋል፤ ቴሌቪዥኑም ተቀብሎ በመስተዋቱ ላይ ያወጣዋል። ሥዕሉ ቴሌቪዥኑ ደጃፍ ደርሶ በመስተዋቱ ላይ እስኪታይ የሚቆይበትን ጊዜ ነው ልጆቹ «ላግ» የሚሉት። የሚለካውም በሚሊሰከንድ፣ ማለት አንድ ሰከንድ ለ1000 ተከፍሎ ነው። አብዛኛው የኳስ ጨዋታ በአንድ ሰከንድ 60 ሥዕሎች ስለሚልክ አንዱ ሥዕል ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል። ይህችን ቁጥር ይያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

ታዲያ ሥዕሉ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ምን ያስቀምጠዋል? ይህን ለመረዳት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሚሠራ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ወደ ባለሙያው ይመራል፤ ባለሙያው ሐሳቡን ጽፎ ለኃላፊው ያቀርበዋል፤ ኃላፊው «ይታይ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ተጽፎ ማኅተም ይመታበታል። የዛሬው ቴሌቪዥንም ልክ እንዲሁ ነው። አንዱ ጠረጴዛ ሥዕሉን ለትልቁ መስተዋት እንዲበቃ ይለጥጠዋል፤ ሁለተኛው ነጠብጣቡን ይጠርጋል፤ ሦስተኛው ቀለሙን ያደምቃል፤ አራተኛው የትኛው የመስተዋት ክፍል ይብራ፣ የትኛው ይጨልም ብሎ ይወስናል። ከነዚህ ጠረጴዛዎች ብዙዎቹ ሥዕሉን ሳይዙት አያሳልፉትም።

ከሁሉ የባሰው ግን እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰው ጠረጴዛ ነው። የዚህ ጠረጴዛ ሥራ በሁለት ሥዕሎች መካከል ያልነበረ ሥዕል ከራሱ ፈጥሮ መሰካት ነው፤ በዚህም ሩጫው ልስልስ ብሎ ይታያል። ሳምሰንግ «አውቶ ሞሽን ፕላስ»፣ ኤልጂ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ «ሞሽንፍሎው» እያሉ ሰይመውታል። አሁን ያስተውሉ፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለውን ለመፍጠር ሁለተኛው መምጣት አለበት። ስለዚህ ይህ ጸሐፊ የሚቀጥለው ደብዳቤ እስኪደርሰው ድረስ የያዘውን አይለቅም። የፊልም ሰዎችም በሌላ ምክንያት ይጠሉታል፤ ተዋናዩ ቶም ክሩዝ በ2018 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ላይ ይህን ነገር ቤታችሁ ካለው ቴሌቪዥን አጥፉት ብሎ በቪዲዮ እስከ መለመን ደርሷል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ያ ጥንት የምናውቀው ባለ ጀርባ ቴሌቪዥን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረበትም። መዝገብ ቤት የለውም። ሽቦው ያመጣለትን ምልክት በደረሰበት ቅጽበት በኤሌክትሮን ጨረር ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ይጽፈዋል፤ የሚያስቀምጥበት ማኅደርም የለው። ለጨዋታ ከዋሉት ቀደምት መስተዋቶች አንዱ እንኳ በዚህ ረገድ የዛሬውን ያስንቃል። በ1958 በአሜሪካ የብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ዊልያም ሂጊንቦታም የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ለጎብኚዎች መዝናኛ ብሎ የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚታይበት በኦሲሎስኮፕ ላይ የቴኒስ ጨዋታ ሠርቶ ነበር። መስተዋቱ ከሲኒ ማስቀመጫ ብዙም አይበልጥም፤ ኳሷ ግን ሲመቷት ያን ጊዜውኑ ትሄዳለች።

ከዚህም የሚያስገርም ምስክር አለ። ኒንቴንዶ በ1984 ያወጣውን ዳክዬ የማደን ጨዋታ ያስታውሱ እንደ ሆነ፣ አብሮት የሚሸጥ የፕላስቲክ ሽጉጥ ነበረ። በልጅነታችን ሽጉጡ አንድ ነገር ይተኩሳል ብለን እናምን ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሽጉጡ የሚያይ እንጂ የሚተኩስ አይደለም። ቃታው ሲሳብ መስተዋቱ ለቅጽበት ይጨልምና ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ብልጭ ይላል፤ በሽጉጡ አፍ ውስጥ ያለው ብርሃን አነፍናፊ ያንን ነጭ ካየ ዳክዬዋ ተመታች ማለት ነው። ይህን ጨዋታ ከነሽጉጡ ዛሬ ባለው ስስ ቴሌቪዥን ላይ ቢሰኩት አንዲት ዳክዬ አይመቱም። ማጫወቻው ነጩን ልኮ ሽጉጡን «አየህ?» ብሎ ሲጠይቀው ነጩ ገና በጠረጴዛዎቹ መካከል ነው። ሽጉጡም በሐቅ «አላየሁም» ይላል። በ2001 የወጣውን «ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሚሌ» የሚጫወቱ ተወዳዳሪዎችም እስከ ዛሬ ድረስ ለውድድራቸው ያንኑ ከባድ ባለ ጀርባ ቴሌቪዥን ተሸክመው መሄዳቸው ለከንቱ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። «የሰው ዓይን አንድ ነገር አይቶ ጣት እስኪንቀሳቀስ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይፈጃል ይባላል፤ ታዲያ ከዚያ ላይ 100 ቢጨመር ምን ልዩነት አለው?» ይለኛል። ልዩነቱ እንዲህ ነው። ከበሮ መቺን ይመልከቱ፤ ዘማሪው ሲያጨበጭብ ሰምቶ አይደለም የሚመታው፤ ምቱ የሚወድቅበትን ጊዜ አስቀድሞ አውቆ እጁን ያወርዳል። እጁ ከወረደ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ቢሰማው ወዲያው ይሳሳታል። ኳስ ተጫዋችም እንዲሁ አስቀድሞ ነው የሚያስበው፤ ተከላካዩ ሳይደርስ ልልቀቅ፣ በረኛው ሳይወጣ ልምታ ይላል። በ1 ሰከንድ 9 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በ100 ሚሊሰከንድ 90 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። እርስዎ ኳሱን ሊያቀብሉት ባሰቡበት ጊዜና ኳሱ ከእግርዎ ሲወጣ በሚያዩበት ጊዜ መካከል ሰውዬው ከጨዋታ ውጭ ሆኗል።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያደረገኝ የአክስቴ ልጅ ነው። በሰፈራችን ፕሌስቴሽን ቤት አለው። ሁለት ባለ ጀርባ ቴሌቪዥኖችና ሁለት ፕሌይስቴሽን 3 ይዞ ጀመረ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ቤቱ ይሞላል። የዕቁብ ዕጣ ሲወጣለት ገንዘቡን ይዞ ሄደና ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ገዛ። ግድግዳውን በሙሉ ሸፈነው፤ እናቱ እንኳ መጥታ «ሲኒማ ቤት አደረግኸው» ብላ መረቀችው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰልፍ ነበረ። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ጥጉ፣ ወደ ቀረው አሮጌ 21 ኢንች እያፈገፈጉ ተራ ይጠብቁ ጀመር። አዲሱ ባዶውን ያበራል። «ለምን?» ሲላቸው አንዱ «ትልቁ ያምራል ግን ኳሱ አይሰማም» አለው። ከልጅ አፍ የወጣ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ አገላለጽ እስካሁን አላነበብሁም።

የአክስቴ ልጅ አስቀድሞ ማጫወቻውን ጠረጠረና ለጠጋኝ ሰጠው፤ ጠጋኙ አቧራ ጠርጎ ሒሳብ ተቀበለ። ቀጥሎ ጆይስቲክ ለወጠ። ከዚያም «ወርቅ የተቀባ ነው» የተባለ ውድ ገመድ ገዛ፤ ገመድ ደግሞ ሥዕልን አያዘገይም፤ ወይ ያደርሳል ወይ ይቆርጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን የዕቁቡ መዋጮ በየሳምንቱ ይጠበቃል፤ ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ደግሞ ዳኛው ፊት «ገቢ የለኝም» ሊል አይችልም።

አንድ ቅዳሜ ሄጄ አብረን ለካነው። መለኪያው በእጅዎ ያለ ነው። የብዙ ስልኮች ካሜራ በዝግታ የሚታይ ቪዲዮ ሲያነሣ በአንድ ሰከንድ 240 ሥዕል ይይዛል፤ እያንዳንዱ ወደ 4.2 ሚሊሰከንድ ነው ማለት ነው። ጣቱና መስተዋቱ ባንድ ላይ እንዲታዩ አድርገን አነሣን፤ ከዚያም ቁልፉ ከተጫነበት አንሥቶ ተጫዋቹ እስኪንቀሳቀስ ያለውን ሥዕል አንድ በአንድ ቆጠርን። ፕሌይስቴሽን 3 በሁለቱም መንገድ ስለሚያወጣ አንዱን ማጫወቻ መጀመሪያ በቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመዱ በአሮጌው ላይ፣ ቀጥሎ በኤችዲኤምአይ በአዲሱ ላይ ሰካነው። በአሮጌው 25 ሥዕል ሆነ፤ ይህ የማጫወቻውና የጨዋታው የራሱ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። በአዲሱ 53 ወጣ። ልዩነቱ 28፣ ወደ ሚሊሰከንድ ሲለወጥ 117 ገደማ። ያችን ያስያዝኩዎትን ቁጥር ያምጧትና ያካፍሉ፤ ቴሌቪዥኑ 7 ሥዕሎችን በሆዱ ይዞ ይቀመጥ ነበር።

መፍትሔው በሪሞቱ ውስጥ ነበር። በሥዕል ማስተካከያው ሥር «ጌም» ወይም «ጌም ሞድ» የሚባል ምርጫ አለ። ይህ ምርጫ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «በእጅ የሚሄድ ደብዳቤ» ነው፤ አብዛኞቹን ጠረጴዛዎች ዘሎ በቀጥታ ወደ ማኅተም ይወስደዋል። ያንን አብርተን ደግመን ስንለካ 31 ሆነ፤ ከአሮጌው የሚበልጠው በ25 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ቀለሙ ትንሽ ደብዘዝ አለ፤ የአክስቴ ልጅም ቅር አለው። ልጆቹን ግን በማግስቱ ከትልቁ ፊት ማስነሣት አስቸገረ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ምርጫ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ለእያንዳንዱ መሰኪያ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ኤችዲኤምአይ 1 ላይ አስተካክለው ማጫወቻውን 2 ላይ ከሰኩት ሥራው ከንቱ ነው። «ሲኒማ» ወይም «ፊልም ሜከር» የሚለው ምርጫም ይህን አይተካም፤ እሱ ለፊልም ሥዕል ንጽሕና የተሠራ ነው።

በኋላ የአክስቴ ልጅ ሁለተኛውን አሮጌ ሊተካ ሲነሣ አብሬው መርካቶ ሄድሁ። እዚያ የሰማሁትን ሁሉ ብጽፍ መጽሔቱ አይበቃም። ሁለቱን ብቻ ልንገርዎ። የመጀመሪያው ሻጭ ካርቶኑ ላይ ያለውን «1 ሚሊሰከንድ» የሚል ጽሑፍ አሳየን። ይህ ቁጥር ሌላ ነገር ነው፤ አንዲት የመስተዋቱ ነጥብ ካንዱ ቀለም ወደ ሌላው የምትለወጥበት ፍጥነት ነው። ማኅተም መቺው እጁ ፈጣን ነው ማለት ነው፤ ደብዳቤው ማኅተም መቺው ዘንድ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደ ቆየ አይነግርዎም። ሁለተኛው ሻጭ ደግሞ «240» የሚል ትልቅ ቁጥር ጠቆመን። የመስተዋቱ እውነተኛ ፍጥነት 60 ወይም 120 ሆኖ ሳለ በማለስለሻው ሒሳብ አብጦ የሚጻፍ ቁጥር ስለሆነ፣ ለተጫዋች እንዲያውም የጠላት ስም ዝርዝር ነው። መጠየቅ ያለበት «መስተዋቱ በራሱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይታደሳል? ጌም ሞድ ሲበራ መዘግየቱ ስንት ነው?» ተብሎ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልስ ሻጭ አላጋጠመኝም፤ ሆኖም ሞዴሉን ከነሙሉ ፊደልና ቁጥሩ ገልብጠው ከወሰዱ በመሣሪያ እየለኩ ውጤቱን በነጻ የሚያወጡ መርማሪዎች ስላሉ በስልክዎ ማግኘት ይችላሉ። ሙሉውን ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአንድ ስምና በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ቴሌቪዥኖች ባንዲት ፊደል ብቻ ተለይተው ውስጣቸው ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል።

ትልቅነቱ በራሱ አያዘግይም፤ ከዚህ ስጋት ይውጡ። ዋጋም ዋስትና አይሆንም፤ ውዱ ቴሌቪዥን ሥዕል የሚያሳምሩ ጠረጴዛዎች ስለሚበዙበት በተራው ምርጫ ላይ ከርካሹ ሊብስ ይችላል። በእኔ ግምት ለኳስ ጨዋታ ጌም ሞድ በርቶ ከ20 ሚሊሰከንድ በታች ከሆነ ሌላ አይፈልጉ፤ እስከ 40 ድረስም ተራ ተጫዋች ይለምደዋል። በዛሬዎቹ ጥሩ ቴሌቪዥኖች 10 ገደማ ማግኘት የተለመደ ነው፤ መስተዋቱ በሰከንድ 120 ጊዜ ሲታደስም 5 እና 6 ይደርሳል። ግን ለነዚህ የመጨረሻ ጥቂት ሚሊሰከንዶች የወር ደመወዝ መጨመር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ትምክህት ነው። በ2017 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.1 የሚባለው መሰኪያ፣ ባለ 120ው መስተዋትና ጨዋታ ሲጀመር በራሱ ወደ ጌም ሞድ የሚገባው ዘዴ የሚጠቅሙት በ2020 የወጡትን ፕሌይስቴሽን 5ን ወይም ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስን ለያዘ ወይም ጠንካራ ኮምፒዩተር ላለው ሰው ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ይዘው ለዚያ መክፈል ላልያዙት ፈረስ ኮርቻ መግዛት ነው።

ፕሌይስቴሽን 2 ያላችሁ (ብዙ እንደ ሆናችሁ አውቃለሁ) አሮጌውን ቴሌቪዥን አትሽጡት። የእሱ ሥዕል ለሁለት ተከፍሎ፣ አንድ ጊዜ ጎዶሎ መስመሮቹ፣ ሌላ ጊዜ ሙሉ መስመሮቹ እየሆነ የሚመጣ ስለሆነ አዲሱ ቴሌቪዥን ሁለቱን አጋጥሞ መስፋትና መለጠጥ አለበት፤ በጌም ሞድም ቢሆን ይህ ጠረጴዛ አይዘለልም።

የሚቻልዎ ከሆነ የሚሻለው መላ የራስዎን ማጫወቻና ጆይስቲክ በቦርሳ ይዞ ሱቁ መሄድ ነው። ሻጩ መጀመሪያ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ዋጋ ተቆርጦ ብር ሊቆጠር ሲል ግን «ይሰካ» ይላል። ስልክዎን አውጥተው እዚያው ቆመው ይለኩ። እኛ ስንለካ የሱቁ ሠራተኞች ከበቡን፤ አንደኛው ልጅ በሦስት ቴሌቪዥን ላይ እየነቀለ እየሰካ ራሱ ቆጠረልንና ከሦስቱ ባለ 43ቱን መረጠልን። እሱን ገዛን።

ስለ ድምፅም አንድ ቃል፤ ያለ ሽቦ የሚሠራ የጆሮ ማዳመጫ ድምፁን ከሥዕሉ በግልጽ ሊያዘገየው ስለሚችል፣ ኳሱ መረብ ከነካ በኋላ የሚሰማዎት ጩኸት ዘግይቶ ከመጣ ቴሌቪዥኑን አይውቀሱት። በኢንተርኔት ከሩቅ ሰው ጋር ሲጫወቱ የሚመጣው መዘግየትም ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ያ የመስመሩ ጉዳይ ስለሆነ በሪሞት አይስተካከልም። ስለ እሱ አዘጋጁ ቦታ ከፈቀደልኝ በሌላ ሳምንት እጽፋለሁ።